ውሻም መንገደኛ ነው

በዚህ ሳምንት ስለ መንገድ እንጫወታለን። ስለ ውሻም እንጫወታለን። ሁለቱን ምን አገናኛቸው ትሉ ይሆናል። ጥቂት ታገሡን፤ እንደርስበታለን።

ከአዲስ አበባ ብዙ መንገዶች ይወጣሉ። ሦስቱን እንያቸው። ወደ ሰሜን የሚወጣው እንጦጦን ተሻግሮ ሱሉልታ ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ ጎጃም ያመራል። ወደ ምዕራብ የሚወጣው ቡራዩን አልፎ ወደ ሆለታ፣ ወደ አምቦና ወደ ነቀምቴ ይሄዳል። ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚወጣው ሰበታን አቋርጦ ወደ ወሊሶና ወደ ጅማ ይዘልቃል። ሦስቱ ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። በእነዚህ መንገዶች አውቶቡስ ያልፋል። እህልና ወተት የጫነ መኪና ያልፋል። ከብት ይነዳል። ሰውም ውሻም በእግሩ ይሄዳል።

አንዳንዴ ደግሞ ለየት ያለ መኪና ብቅ ይላል። ከውጭ ሲያዩት መኪና ነው። ከውስጥ ግን ቤት ነው። አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ የውሃ ማጠራቀሚያ አለው። ባልና ሚስት ተሳፍረውበት አገር ላገር ይዞራሉ። ሲመሽ ጥግ ይዘው ይቆማሉ፤ አብስለው ይበላሉ፤ እዚያው ያድራሉ። ሲነጋ ጉዟቸውን ይቀጥላሉ። ከግብፅ ተነሥተው እስከ ደቡብ አፍሪካ ጫፍ የሚሄዱ እንዲህ ያሉ መንገደኞች አሉ። የሱዳን ጦርነት በ2015 ዓ.ም. ከመጀመሩ በፊት ብዙዎቹ በመተማ ይገቡ ነበር። ጎንደርን፣ ባሕር ዳርንና ደብረ ማርቆስን አልፈው፣ የዓባይን በረሃ ወርደውና ወጥተው፣ በሱሉልታ በኩል አዲስ አበባ ይደርሱ ነበር። ከዚያም በሞያሌ ወደ ኬንያ ይሻገሩ ነበር።

ቤትን ይዞ መሄድ እኮ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። የአፋር አርብቶ አደር ቤቱን በእንጨትና በሰሌን ይሠራል። ሣር ፍለጋ ሲነሣ ቤቱን ነቅሎ በግመል ይጭናል። በደረሰበት ቦታ መልሶ ይተክለዋል። በባሌም ከብት አርቢዎች ወቅት እየጠበቁ ከብቶቻቸውን ወደ ተራራው ያወጣሉ። ውሾቻቸውም ተከትለዋቸው ይወጣሉ።

ውሻ ከሰው ጋር መጓዝ ይወዳል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1903 ሆሬሽዮ ጃክሰን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በ50 ዶላር ተወራረደ። ውርርዱ አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር በመኪና ለማቋረጥ ነበር። አንድ መካኒክ አስከትሎ ከሳንፍራንሲስኮ ተነሣ። በመንገድ ላይ ባድ የሚባል ውሻ ገዛ። መኪናዋ ጣሪያ አልነበራትም። መንገዱም አቧራ በአቧራ ነበር። አቧራው የውሻውን ዓይን አስቸገረው። ታዲያ ምን አደረጉ? ለውሻው እንደ ሰው መነጽር አጠለቁለት! ኒውዮርክ እስኪደርሱ 63 ቀን ፈጀባቸው። ውሻውም አብሯቸው ገባ።

ዛሬ ውሻ ይዞ አገር የሚያቋርጥ ሰው ከመነጽር ይልቅ ወረቀት ያስፈልገዋል። እስቲ ምሳሌ እንውሰድ። ባልና ሚስት ከአዲስ አበባ ወደ አውሮፓ ውሻቸውን ሊወስዱ ፈለጉ እንበል። መጀመሪያ ከውሻው ቆዳ ሥር የገብስ ፍሬ የምታህል ምልክት በመርፌ ትገባለች። ምልክቷ ቁጥር አላት፤ ቁጥሯም በመሣሪያ ይነበባል። ቀጥሎ ውሻው የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ይከተባል። ቢያንስ 30 ቀን ቆይቶ ደሙ ተቀድቶ ይመረመራል። ደሙ ከተቀዳበት ቀን አንሥቶ ሦስት ወር ይጠበቃል። ይህ ሁሉ ተጽፎ ማኅተም ይመታበታል። ወረቀቱ ካልተሟላ ውሻው ድንበር አያልፍም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? አንድ የታመመ ውሻ አገር ሙሉ ሊያስጨንቅ ስለሚችል ነው።

የእኛ ውሻ ግን ወረቀት የሚጠይቀው የለም። ከሱሉልታ ገጠር ጌታውን ተከትሎ ገበያ ይወርዳል። ከቡራዩ ጠፍቶ ሌላ ቀበሌ ይገኛል። ቤተሰቡ ወደ ሰበታ ሲዛወር ከዕቃው ጋር ይጫናል። በየኬላው ቆሞ ይህ ውሻ ተከትቧል ወይ ብሎ የሚመረምር የለም። ስለዚህ ጠያቂው ባለቤቱ ራሱ መሆን አለበት።

ካልጠየቅን ምን እንደሚመጣ ከባሌ እንማር። በባሌ ተራሮች ቀይ ቀበሮ ይኖራል። ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኝም። በዓለም ላይ የቀረው ቁጥሩ 500 አይሞላም። ያልተከተቡ ውሾች የእብድ ውሻ በሽታ ይዘው ወደ ተራራው ወጡ። በሽታውም ወደ ቀበሮዎቹ ተላለፈ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2003 እና በ2008 ብዙ ቀበሮዎች አለቁ። በሽታው ውሻና ቀበሮ ብቻ አይደለም የሚገድል። ከብትም ይገድላል። ሰውም ይገድላል።

የእብድ ውሻ በሽታ በታመመ እንስሳ ምራቅ ይተላለፋል። ሰውን ከሚይዘው ከመቶ 99 እጁ ከውሻ የሚመጣ ነው። ይበልጡን የሚጎዱት ልጆች ናቸው። ሰው ከተነከሰ በኋላ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ደህና ይመስላል። አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። ቁስሉ ይድናል፤ ሰውም ይረሳዋል። በሽታው ግን በውስጥ እየተጓዘ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ከዚያ በፊት ግን መዳኛ አለ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1885 ሉዊ ፓስተር የሚባል ፈረንሳዊ ሊቅ በእብድ ውሻ የተነከሰ የ9 ዓመት ልጅ በክትባት አዳነ። አዲስ አበባ ውስጥ ፓስተር የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሊቅ ነው።

የታመመ ውሻ ጠባዩ ይለወጣል። ሳይነኩት ይናከሳል። ምራቁ ይዝረበረባል። መዋጥ ያቅተዋል። ድምፁ ይለወጣል። ከቤቱ ጠፍቶ ሩቅ ይሄዳል። ሁሉም ታማሚ ውሻ ግን አይቆጣም። አንዳንዱ ዝም ብሎ ይተኛል፤ እግሩም ይሰንፋል። ይህንን ውሻ አዝናችሁለት እንዳትዳስሱት።

ውሻ ሰው ቢነክስ እንዲህ አድርጉ።

አንደኛ፣ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ እጠቡ። ለ15 ደቂቃ እጠቡ። ስልክ ያለው ሰው ሰዓቱን ይይዝላችሁ። አመድ፣ በርበሬ ወይም ቅጠል አታድርጉበት።

ሁለተኛ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ቁስሉ ትንሽ ነው ብላችሁ አትቅሩ። ጠበል የሚወስድም፣ የባህል መድኃኒት የሚያደርግም፣ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይድረስ። ሐኪሙ ያዘዘውን መርፌ ሁሉ ሳታቋርጡ ጨርሱ።

ሦስተኛ፣ ውሻው ከተገኘና ማሰር ከተቻለ ታስሮ ለ10 ቀን ይጠበቅ። ውሻውን እስክናይ ብላችሁ ግን ሕክምናውን አታዘግዩ። ውሻው ቢሞት በባዶ እጅ አትንኩት። ለእንስሳት ሐኪም ንገሩ።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ከሁሉ የሚሻለው ውሻውን አስቀድሞ ማስከተብ ነው። ቡችላ ብዙውን ጊዜ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል። ከዚያም በየዓመቱ ይደገምለታል። ከመንደሩ አሥር ውሾች ሰባቱ ከተከተቡ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። አንድ ሰው ብቻውን ውሻውን ቢያስከትብ ጥሩ ነው፤ መንደሩ ሁሉ ቢያስከትብ ግን ልጆቹ ሁሉ ይጠበቃሉ። ሰበታ አካባቢ ያላችሁ፣ የእንስሳት በሽታ በላቦራቶሪ የሚመረመርበት የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት በከተማችሁ እንዳለ እወቁ። ሌሎቻችሁም የወረዳችሁን የእንስሳት ሐኪም ክትባቱ መቼ እንደሚሰጥ ጠይቁ።

ክትባት ሲሰጥ ወረቀት ተቀበሉ። ዛሬ ማንበብ ትችላላችሁ። የተከተበበትን ቀን አንብቡ። የሚቀጥለው ክትባት የሚውልበትን ቀን በእጃችሁ ጻፉ። ወረቀቱንም ከቤተሰቡ የጤና ካርድ ጋር አስቀምጡ። ያ ባልና ሚስት ድንበር ላይ የሚያሳዩት ወረቀት ይኸው ነው። የእናንተ ድንበር የግቢያችሁ በር ነው።

ለውይይት፦
በመንደራችሁ ስንት ውሾች አሉ? ስንቶቹ ተከትበዋል?
ውሻ የነከሰው ልጅ ቢመጣባችሁ መጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ?
ከእናንተ ቤት ቅርብ የሆነው ጤና ጣቢያ የት ነው? በእግር ስንት ሰዓት ይወስዳል?