የውጫሌ ትምህርትና የደቡብ ዋልታ ውል

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚጓዝ ሰው በውጫሌ ሲያልፍ ስሙን እንደ ማንኛውም ከተማ ስም ሰምቶ አያልፈውም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና የኢጣልያው መልእክተኛ ኮንት አንቶኔሊ የተዋዋሉት ውል የሚጠራው በዚህች ስፍራ ስም ነውና። የአሥራ ሰባተኛው አንቀጽ ነገር ለማናችንም እንግዳ አይደለም። የአማርኛው ጽሑፍ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ሲላላኩ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መጠቀም «ይቻላቸዋል» ሲል፣ የኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። ኢጣልያም ይህን ይዛ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ስትል ለኤውሮጳ መንግሥታት አስታወቀች። ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱ፤ ክርክሩም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ በደም ተፈታ።

ይህን የምናነሣው የአባቶቻችንን ጀግንነት ለማወደስ ብቻ አይደለም። ውል ጠብ እንደሚወልድ ውጫሌ አስተምሮናል። ውል ጠብን እንደሚያስቀር ለማየት ደግሞ ወደ ደቡብ ዋልታ እንመልከት።

በአንታርክቲካ ምድር ላይ ሰባት መንግሥታት «ይህ ክፍል የእኔ ነው» ይላሉ። እንዲያውም እንግሊዝ፣ አርጀንቲናና ቺሌ የሚጠይቁት መሬት እርስ በርሱ የተደራረበ ነው። አሜሪካና ሶቪየት ኅብረትም በዚያ ዘመን በጎሪጥ ይተያዩ ነበር። ሆኖም ከሐምሌ 1957 እስከ ታኅሣሥ 1958 እ.ኤ.አ. በቆየው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት የእነዚሁ አገሮች ሊቃውንት በበረዶው ላይ አብረው ሠሩ። ከዚህ ሥራ የተነሣ ኅዳር 21 ቀን 1952 ዓ.ም. 12 መንግሥታት በዋሽንግተን የአንታርክቲካን ውል ፈረሙ። ምድሪቱ ለሰላም ብቻ እንድትውል፣ የኑክሌር ፍንዳታ እንዳይደረግባት፣ የምርምር ውጤትም ለሁሉ ክፍት እንዲሆን ተስማሙ። ስለ ይዞታው ግን በአራተኛው አንቀጽ የማንንም ጥያቄ ሳያጸድቁ፣ የማንንም ሳይሽሩ፣ አዲስ ጥያቄ እንዳይነሣ ከልክለው አቆዩት።

እንግዲህ ልዩነቱን እናስተውል። የውጫሌ ውል ጠቡን በአንድ ቃል ውስጥ ሸሸገው። የአንታርክቲካ ውል ግን አለመስማማቱን በግልጽ ጽፎ ወደ ጎን አኖረው። በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በሩስኛና በእስፓኝኛ የተጻፉት ቅጂዎችም እኩል የጸኑ መሆናቸውን ተዋዋዮቹ ራሳቸው በውሉ መዝጊያ ላይ አስፍረዋል።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ባሕር የሌለን ሰዎች ከበረዶ ጋር ምን አገናኘን?» ይሉ ይሆናል። መልሱ ከእጃችን አይርቅም። ውሉን በወለደው በዚያው የጂኦፊዚክስ ዓመት ኢትዮጵያም ድርሻ ነበራት። ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል አባ ፒየር ጉዊን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ያቋቋሙት የጂኦፊዚክስ ጣቢያ በ1950 ዓ.ም. የምድርን መግነጢስ መመዝገብ ጀመረ። አዲስ አበባ በመግነጢስ ወገብ አጠገብ በመሆኗ ስፍራዋ ይፈለግ ነበር። ከፀሐይ የተነሣ ማዕበል በዋልታዎች ሰማይ ላይ ብርሃን ሲዘረጋ፣ በአዲስ አበባም የመግነጢሱ መርፌ ይናወጣልና። ከዚያም ሌላ፣ ከአንታርክቲካ የተቆፈረው በረዶ የ800,000 ዓመት አየር አምቆ ይዟል፤ የዓለም ሙቀት ለምን እንደሚጨምር ከሚመረመርባቸው መዛግብት አንዱ እርሱ ነው። ድርቅ ምን እንደሚያደርስ የወሎ ሰው እያወቀ «ይህ ጉዳይ አይመለከተኝም» ሊል ይገባዋልን?

ነገር ግን ከውሉ አባላት መካከል የኢትዮጵያ ስም የለም። ከፈረሙት 12ቱ ከአፍሪካ የተገኘችው በዘር መድልዎ አገዛዝ ሥር የነበረችው ደቡብ አፍሪካ ብቻ ነበረች። በሩ ግን አልተዘጋም። ማንኛውም የተባበሩት መንግሥታት አባል ሊገባ ይችላል፤ ለመግባትም በበረዶው ላይ ጣቢያ መሥራት ግዴታ አይደለም። ባሕር የሌላት ሞንጎሊያ በ2015 እ.ኤ.አ. ገብታለች። የቼክ ሪፑብሊክም ባሕር የላትም፤ በምርምሯ ግን በ2014 እ.ኤ.አ. የድምፅ መብት አግኝታለች። የድምፅ መብት የሚገኘው በሳይንስ ሥራ ነውና።

ጊዜውም ሩቅ አይደለም። በ1991 እ.ኤ.አ. በማድሪድ የተፈረመው ስምምነት በአንታርክቲካ ማዕድን ማውጣትን ከልክሏል። ስምምነቱ ከጸና 50 ዓመት ሲሞላው፣ ይኸውም በ2040 ዓ.ም.፣ ድምፅ ካላቸው መንግሥታት አንዱ እንኳ ቢጠይቅ አሠራሩን የሚመረምር ጉባኤ ይጠራል። ያን ጊዜ የዛሬ ተማሪ በመሥሪያ ቤቱ ወንበር ላይ የተቀመጠ ኃላፊ ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆንብን ከአሁኑ ማሰብ ይገባናል።

ስለዚህ የምናሳስበው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ መንግሥታችን ወደ ውሉ የመግባትን ነገር ይመርምር። ሁለተኛ፣ መምህራኖቻችን የምድር መግነጢስንና የአየር ጠባይን ምርምር ከዋልታዎቹ ጋር አያይዘው ተማሪዎችን ያሠልጥኑ። ሦስተኛው የራሳችን ሥራ ነው። ውሉ 14 አንቀጽ ብቻ ነው፤ የሕግና የቋንቋ ተማሪዎች በአንድነት ተቀምጠው ወደ አማርኛ ይመልሱትና በዚህ ጋዜጣ ይውጣ። «ይቻላል» እና «ይገባል» የሚሉትን ቃላት በየስፍራቸው ያስቀምጡ ዘንድም አደራ እንላለን። በዚህ ቃል ምክንያት ስንት ሰው እንደ ወደቀ የሚያውቅ ሕዝብ ውልን ሌላ ሰው እንዲያነብለት ሊጠብቅ አይገባውም።