ለስልክ የተለየ ድረ-ገጽ ወይስ ለሁሉም አንድ ገጽ?

መንግሥታዊ ተቋማት አገልግሎታቸውን በኢንተርኔት ለማዳረስ በሚያደርጉት ጥረት ቀድሞ ሊመለስ የሚገባው ጥያቄ፣ ተገልጋዩ ገጹን የሚከፍተው በምንድን ነው የሚለው ነው። በአገራችን መልሱ በአብዛኛው የእጅ ስልክ ነው።

ለዚህ ሁለት አማራጮች አሉ። አንደኛው በተለየ አድራሻ ለስልክ ብቻ የሚያገለግል ድረ-ገጽ ማቋቋም ሲሆን፣ ሁለተኛው ንድፉን ከትንሹ ስክሪን ጀምሮ አንዱ ገጽ እንደ መሣሪያው ስፋት ራሱን እንዲያስተካክል አድርጎ መሥራት ነው። አሜሪካዊው ባለሙያ ሉክ ሮብለውስኪ "ስልክ ይቅደም" የሚለውን ሐሳብ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2009 ነበር።

የተለየው ገጽ ነባሩን ሳይነካ በፍጥነት ሊዘጋጅ ስለሚችል ለጊዜው ይማርካል። ችግሩ የሚጀምረው ከምረቃው በኋላ ነው። የማመልከቻ ቀን ወይም የአገልግሎት ክፍያ ሲለወጥ ዋናው ገጽ ታርሞ የስልኩ ሳይታረም ይቀራል፤ ከሩቅ ወረዳ ተሳፍሮ የመጣ ባለጉዳይም ቀኑ አልፎ ይደርሳል። በተጨማሪም ጉግል እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ ባደረገውና በ2023 መጠናቀቁን ባስታወቀው አሠራር ድረ-ገጾችን የሚመዘግበው በስልክ በሚታየው ይዘታቸው በመሆኑ፣ ከስልኩ ገጽ የተቀነሰ መረጃ በፍለጋ ላይገኝ ይችላል።

ስለሆነም አንዱ ገጽ ይመረጣል። ይሁንና አንድ መሆኑ ብቻውን ቀላል አያደርገውም፤ ለኮምፒውተር የተዘጋጀ ከባድ ፎቶግራፍ በስልክ አንሶ ቢታይም የተጠቃሚውን የዳታ ጥቅል እኩል ይጨርሳል። የገጹ ክብደት ጣሪያ በጨረታ ሰነዱ ላይ ሊሰፍር፣ ርክክቡም በርካሽ ስልክ ተሞክሮ ሊፈጸም ይገባል። ኢንተርኔት ለሌላቸው ስልኮች ግን ሁለቱም አማራጮች አይደርሱም፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ የጀመረው ቴሌብር ከመተግበሪያው ጎን በአጭር ቁጥር እንዲሠራ የተደረገውም እነዚህን ደንበኞች ስለሚያካትት ነው።