በድራማ መስኮት የታየ ሰዓት

የእጅ ሰዓት ማሰባሰብ፣ ማለትም ሰዓትን ጊዜ ከማወቂያነቱ አልፎ ለታሪኩ፣ ለአሠራሩና ለውበቱ ሲባል እየመረጡ መያዝ፣ ብዙ ጊዜ ገንዘብ የተረፋቸው ሰዎች መዝናኛ ተደርጎ ይታያል። ይህ አመለካከት ከፊል እውነት ቢኖረውም አንድ መሠረታዊ ነገር ይዘነጋል፤ ሰው ወደ ሰዓት የሚሳበው በዋጋው ብቻ ሳይሆን በተሸከመው ታሪክም ነው፤ በዚህ ዘመን ደግሞ ታሪክን ወደየቤቱ በማስገባት ረገድ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማን የሚተካከል ነገር እምብዛም አይገኝም። አንድ ተመልካች በሚወደው ገጸ ባሕርይ እጅ ላይ ያየውን ሰዓት ስም ለማወቅ የጀመረው ፍለጋ ወደ ምህንድስና፣ ወደ ኢኮኖሚ ታሪክና ወደ ዕደ ጥበብ ሊያደርሰው ይችላል። ስለዚህ ከድራማ የሚነሣ የሰዓት ፍቅር የሚናቅ አይደለም፤ ነገር ግን ፍሬ የሚያፈራው ተመልካቹ የጀግናውን ሰዓት ለመግዛት ከመሮጡ በፊት ጀግናው ያንን ሰዓት ለምን እንዳሠረ መጠየቅ ሲጀምር ነው።

ፊልም በሁለትና በሦስት ሰዓት ያልቃል፤ ተከታታይ ድራማ ግን ለዓመታት እየተመላለሰ ከተመልካቹ ጋር አብሮ ይኖራል። ገጸ ባሕርዩ ስልክ ሲያነሣ፣ ሲጋራ ሲለኩስ ወይም የሸሚዙን እጅጌ ሲሰበስብ ሰዓቱ ብቅ ይልና መልሶ ይሰወራል፤ በዚህ መመላለስ ውስጥ ተመልካቹ ያንን ሰዓት የጎረቤቱን ካፖርት በለመደበት ዓይን ይለምደዋል። ከ1980 እስከ 1988 (እዚህ የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የታየው ማግነም ፒ አይ የተሰኘው የአሜሪካ ድራማ ለዚህ ቀደምት ምሳሌ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ የሚያስረው ሮሌክስ ጂኤምቲ ማስተር፣ የቀይና የሰማያዊ ቀለበት ያለው የአብራሪዎች ሰዓት፣ በድራማው ታሪክ መሠረት በኮሪያ ጦርነት ከሞተ አባቱ የተወረሰ ነው። ጦርነቱ በ1953 ያበቃ ሲሆን ሞዴሉ ግን ለገበያ የቀረበው ከዚያ በኋላ፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ ላይ በመሆኑ፣ ይህን አለመጣጣም በራሱ ጥረት የደረሰበት ተመልካች ሳይታወቀው የታሪክ ተመራማሪ ሆኗል ማለት ይቻላል።

ሰዓትን ከታሪክ ጋር በማዋሐድ ረገድ ግን ማድ ሜንን የሚያህል ድራማ ማግኘት ያስቸግራል። በማቲው ዋይነር የተፈጠረውና ከ2007 እስከ 2015 በሰባት ምዕራፎች 92 ክፍሎች የቀረቡበት ይህ ድራማ፣ በኒውዮርክ የማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ የሚሠሩ ሰዎችን ሕይወት ከ1960 እስከ 1970 ድረስ ይከተላል። ዋይነር ለዘመኑ ቁሳቁስ ትክክለኛነት በነበረው ጥብቅ አቋም የታወቀ ሲሆን፣ በተዋንያኑ እጅ ላይ ከታዩት ሰዓቶች ብዙዎቹ በካናዳ ቶሮንቶ ከሚሠራ የድሮ ሰዓቶች ነጋዴ የተገኙ የዘመኑ ዕቃዎች ነበሩ። በዚህም የተነሣ ድራማው በአንድ በኩል የሰዎች ታሪክ፣ በሌላ በኩል ደግሞ የስድሳዎቹ ሰዓት ተንቀሳቃሽ ኤግዚቢሽን ሆኖ ሊታይ ይችላል።

የድራማው ዋና ገጸ ባሕርይ ዶን ድሬፐር የሚታወቅበት ስም የራሱ አይደለም፤ በኮሪያ ጦርነት የሞተ የጦር መኮንንን ስም ወስዶ፣ የትውልዱን ድህነት ቀብሮ፣ በሰው ማንነት የሚኖር ሰው ነው። ይህ ሰው በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች የሚያስረው የዣዠ ለኩልትር ኩባንያ ሪቨርሶ የተባለውን አራት ማዕዘን ሰዓት ነው። ሪቨርሶ በ1931 የተፈለሰፈው በሕንድ ይኖሩ የነበሩ የእንግሊዝ መኮንኖች በፈረስ ላይ ሆነው ፖሎ ሲጫወቱ የሰዓታቸው መስታወት እየተሰበረ በማስቸገሩ ነው፤ መፍትሔውም ቀፎው በሐዲዱ ላይ ተንሸራትቶ እንዲገለበጥ፣ ገጹ ወደ እጅ ዞሮ እንዲደበቅና ጠንካራው የብረት ጀርባ ወደ ውጭ እንዲወጣ ማድረግ ነበር። እንግዲህ እውነተኛ ፊቱን ደብቆ ጠንካራ ጀርባውን ለዓለም በሚያሳይ ሰው እጅ ላይ ፊቱን የሚደብቅ ሰዓት መታየቱ ታስቦበትም ይሁን ሳይታሰብ የተገኘ፣ ይህን ያስተዋለ ተመልካች ድራማውንም ሰዓቱንም በአዲስ ዓይን ማየቱ አይቀርም። ማስተዋል የሰብሳቢነት የመጀመሪያው ደረጃ መሆኑ የሚታየውም እዚህ ላይ ነው።

በኋለኞቹ ምዕራፎች ድሬፐር የሚያስረው ኦሜጋ ሲማስተር ደ ቪል ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ሰዓቱ ቀጭን የብረት ቀፎ አለው፤ ገጹ ጥቁር ሲሆን ሁለት ቀጫጭን መስመሮች መሐሉ ላይ መስቀል ሠርተው ገጹን ለአራት ይከፍሉታል፤ የቀኑ ቁጥር በ3 ቁጥር ቦታ በተከፈተች ትንሽ መስኮት ውስጥ ይታያል፤ ከዚህ በቀር ለጌጥ ተብሎ የተጨመረ ነገር የለበትም። ለዛሬ ዓይን ትንሽ የሚመስለው ይህ ሰዓት ከሸሚዝ እጅጌ ሥር ያለ ችግር ይገባል፤ ይህም በዚያ ዘመን የጨዋ ሰው ሰዓት ሥርዓት ምን እንደነበረ፣ ማለትም ሰዓት ሲፈለግ የሚታይ፣ ሳይፈለግ የሚሰወር ነገር እንደነበረ ያስረዳል። ዛሬ ትልልቅ ቀፎዎችን የለመደ ሰው ይህን ሰዓት አይቶ የውበት መለኪያው ቢለወጥ፣ ድራማው ከማዝናናት ያለፈ ሥራ ሠርቶለታል።

ድራማው ስለ ሰዓት በግልጽ የተናገረበት ቦታ ግን በ2014 የጀመረው የሰባተኛው ምዕራፍ መክፈቻ ነው። ፍሬዲ ራምሰን የተባለው ገጸ ባሕርይ ፊቱን ቀጥታ ወደ ካሜራው አድርጎ አኩትሮን የተሰኘ ሰዓት የሚያስተዋውቅ ንግግር ያሰማል፤ ንግግሩን የጻፈው ግን ከሥራው የታገደውና በሌላ ሰው አፍ ለመናገር የተገደደው ድሬፐር መሆኑ ቆይቶ ይገለጣል። አኩትሮን ለዚህ ትዕይንት መመረጡ ክብደት የሚያገኘው የሰዓቱ ታሪክ ሲታወቅ ነው። ቡሎቫ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1960 ለገበያ ያቀረበው ይህ ሰዓት የማክስ ሄትዘል ፈጠራ ሲሆን፣ ለዘመናት ሲሠራበት የቆየውን የሰዓት አሠራር የለወጠ ነበር። መካኒካል የሚባለው ሰዓት ኃይሉን የሚያገኘው ከተጠመጠመ ሞላ ነው፤ ሞላው ሲፈታ የሚለቀውን ኃይል ወዲያና ወዲህ የምትወዛወዝ አንዲት ትንሽ መንኮራኩር እየቆጠበች ታሳልፈዋለች፤ በስድሳዎቹ የተለመደው ሰዓት መንኮራኩር በአንድ ሰከንድ ከ5 እስከ 6 ጊዜ ትመታ ነበር፤ ጆሮ ላይ ሲያስጠጉት የሚሰማው ድምፅም የዚህ ምት ነው። አኩትሮን ግን ሞላውን በባትሪ፣ መንኮራኩሯንም የሙዚቃ መሣሪያ ለመቃኘት በምታገለግለው ዓይነት ሹካ መሰል ብረት ተካቸው፤ ብረቷ በሰከንድ 360 ጊዜ ስለምትርገበገብ ሰዓቱ ጠቅ ጠቅ ማለቱን ትቶ እንደ ንብ እምም ይላል፣ የሰከንድ ጠቋሚውም ሳይንገራገጭ እንደ ውኃ ይፈስሳል። ስፔስቪው የተባለው ሞዴል ደግሞ ገጽ የሚባል ነገር ስላልነበረው ጥቅልል ሽቦዎቹና ሹካዋ በመስታወቱ በኩል በግልጽ ይታዩ ነበር።

የሰባተኛው ምዕራፍ ታሪክ የሚጀምረው በ1969 መጀመሪያ ላይ ነው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 25 ቀን የጃፓኑ ሴይኮ በቶኪዮ አስትሮን የተባለውን የመጀመሪያውን የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ለሽያጭ አቀረበ፤ ኳርትዝ በኤሌክትሪክ ኃይል እጅግ በተስተካከለ ፍጥነት የሚርገበገብ ማዕድን ሲሆን፣ በአስትሮን ውስጥ የነበረው በሰከንድ 8,192 ጊዜ ይርገበገብ ነበር። በ450 ሺህ የን የተሸጠው ይህ ሰዓት በወር ከ5 ሰከንድ ያልበለጠ ስሕተት እንዳለው የተነገረለት ሲሆን፣ ቴክኖሎጂው በኋላ ሲረክስ የስዊዘርላንድ የሰዓት ኢንዱስትሪ ተናጋ፤ በ1970 ገደማ 90 ሺህ ያህል የነበረው የሠራተኛ ቁጥር በሰማንያዎቹ ወደ 30 ሺህ አካባቢ አሽቆለቆለ። በድሬፐር ንግግር የተወደሰው አኩትሮንም ከሰባዎቹ አላለፈም፤ ሥራው በ1977 ተቋረጠ። ይህን የሚያውቅ ሰው ያንን ትዕይንት ሲመለከት ዘመኑ ያለፈበት መሆኑን ገና ያልተረዳ ሰው፣ ዘመኑ ሊያልፍ አንድ ዓመት እንኳ ያልቀረውን ሰዓት ሲያወድስ ያያል፤ የድራማው ሐዘን ሁሉ በዚያች አንዲት ሰዓት ውስጥ ተጠቃሎ ይገኛል።

ሰዓት በድራማ ውስጥ የዘመን ምልክት ብቻ ሳይሆን የሰዎች ግንኙነት መለኪያም ሊሆን ይችላል። ብሬኪንግ ባድ በተሰኘው ድራማ ውስጥ ዋናው ገጸ ባሕርይ ዋልተር ዋይት 51ኛ ዓመት የልደት በዓሉን ሲያከብር ወጣቱ የወንጀል ሸሪኩ ጄሲ ታግ ሆየር ሞናኮ ሰዓት ይሰጠዋል፤ ዋልተርም ስጦታውን ለሚስቱ እያሳየ የሰዓቱ ሰጪ አንድ ጊዜ ሞቱን ይመኝ እንደነበርና በኋላ ሐሳቡን እንደለወጠ፣ እርሷም እንዲሁ እንደምትለውጥ ይነግራታል፤ ክፍሉ የሚያበቃውም በሰዓቱ ምት ድምፅ ነው። በ2013 በታየው የመጨረሻ ክፍል ግን ዋልተር ያንኑ ሰዓት ከእጁ ፈትቶ በሕዝብ ስልክ ሣጥን ላይ ጥሎት ይሄዳል። ሞናኮ በ1969 የወጣ፣ ከመጀመሪያዎቹ በራሳቸው የሚሞሉ የሩጫ ሰዓት ቆጣሪ ያላቸው የእጅ ሰዓቶች አንዱ ሲሆን፣ አራት ማዕዘን ቀፎውና በመጀመሪያው ሞዴል በግራ በኩል የተቀመጠው መሙያው ከሩቅ ይለዩታል፤ ይሁንና ብዙ ተመልካቾች የሚያስታውሱት አሠራሩን ሳይሆን ሰጪና ተቀባይ ከተቆራረጡ በኋላ በስልኩ ላይ ብቻውን መቅረቱን ነው።

ከዚህ ፍቅር ጋር አብሮ የሚመጣው አደጋ ግን በቸልታ ሊታለፍ አይገባም። በታኅሣሥ 2015 ክሪስቲስ የተባለው የጨረታ ድርጅት በኒውዮርክ ባካሄደው ጨረታ ድሬፐር ያሠረው ኦሜጋ በ11 ሺህ 875 ዶላር ተሽጧል፤ ካሜራ ፊት ያልቀረቡት የዚያው ሞዴል ሰዓቶች የሚገኙት ግን ከዚህ እጅግ ባነሰ ዋጋ ነው። ልዩነቱ የብረቱ ሳይሆን የታሪኩ ዋጋ ነውና ታሪኩን ለሚወድ ሰው አግባብ ሊሆን ይችላል፤ ችግሩ የሚመጣው ሻጮች ይህንኑ ተረድተው ድራማው ላይ የታየውን የሚመስል ሰዓት ሁሉ በጀግናው ስም ሲሸጡ ነው። የድሮ ሰዓት ገበያ ገጻቸው እንደ አዲስ በተቀባ፣ አካላቸው ከተለያዩ ሰዓቶች በተቀጣጠለ፣ ቀፏቸው እስኪሟሟ በተወለወለ ሰዓቶች የተሞላ ስለሆነ፣ በጥድፊያ የሚገዛ ጀማሪ ከሰዓቱ ይልቅ የምኞቱን ምስል ይገዛል። በሌላ ሰው ማንነት የኖረን ገጸ ባሕርይ ለመምሰል ሲባል መበደርም ድራማው ያስተማረውን ትምህርት ገልብጦ ማንበብ ነው።

ተገቢው መንገድ ዝግ ያለ ነው። ተመልካቹ ምስሉን አቁሞ ማየት፣ የቀፎውን ቅርጽ፣ የቁጥሮቹን አጻጻፍና የጠቋሚዎቹን ዓይነት መለየት፣ ቀጥሎም ሰዓቱ በየትኛው ዓመት፣ ለማንና ለምን እንደተሠራ ማንበብ ይኖርበታል። የመካኒካል ሰዓትን ጠባይ ለማወቅ ውድ ዕቃ አያስፈልግም፤ ከ1963 ጀምሮ የሚሠራው ሴይኮ 5፣ በእጅ እንቅስቃሴ ራሱን የሚሞላና ዕለትና ቀን የሚያሳይ ሰዓት፣ ለብዙ ሰው ቅርብ በሆነ ዋጋ ያንኑ የሞላና የመንኮራኩር ጥበብ ያስተምራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ሰዓት ሠሪ አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ገጥሞ፣ የሰዓቱን ጀርባ ከፍቶ፣ ከጤፍ ቅንጣት ብዙም የማይበልጥ ብሎን በወረንጦ ሲያነሣ አጠገቡ ቆሞ ማየት ከብዙ ንባብ የሚበልጥ ዕውቀት ይሰጣል።

ለአማርኛ አንባቢ ይህ ጉዳይ የባዕድ አይደለም። በብዙ ኢትዮጵያዊ ቤት ለምርቃት ወይም ለሠርግ የተሰጠ፣ ወይም ከአባት የቀረ፣ በመሳቢያ ውስጥ ቆሞ የተረሳ የእጅ ሰዓት አይጠፋም፤ በድራማ ላይ የሌላ ሰው ሰዓት ታሪክ ያስደነቀው ሰው በራሱ ቤት ያለውን ታሪክ ከጠየቀ፣ ከየትኛውም ጨረታ የማይገኝ ስብስብ በአንድ ሰዓት ይጀምራል። ጊዜን ከንጋት ጀምሮ የሚቆጥር ሕዝብ ደግሞ ነገሩን ከማንም በተሻለ ይረዳዋል፤ በስዊዘርላንድ የተሠራው ሰዓት ጠቋሚ 9 ቁጥር ላይ ሲያርፍ ኢትዮጵያዊው በገጹ ላይ ያልተጻፈውን አንብቦ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይላል፤ ለዚህም ሰዓቱን ማስተካከል አላስፈለገውም፤ የማንበቢያውን ቁልፍ ከቤተሰቡ ተቀብሏልና።