መንበሩ ባዶ ሲሆን ማኅተሙ በማን እጅ ነው?

«የመሪ ምትክ ጉዳይ የሕግ ሊቃውንት ነገር ነው፤ የቢቸና ገበሬ ምን አገባው?» የሚሉን አሉ፤ ከመምህራኖቻችንም ጭምር። ከቢቸናና ከሞጣ የመጣን ተማሪዎች ግን አገባው እንላለን። በ1960 ዓ.ም. ሞጣንና ቢቸናን ያሸፈተው ማንም ሳያማክራቸው ከአዲስ አበባ የወጣ የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ ነበር። ላይ የታተመ ወረቀት ታች ጎተራ ድረስ ይገባል። እንግዲያው ማኅተሙን የያዘው ማን እንደ ሆነ ማወቅ የገበሬውም መብት ነው።

ዐፄ ምኒልክ ሕመም ሲጸናባቸው በ1901 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ወራሽ ተባሉ፤ ራስ ተሰማ ናደው እንደራሴ ሆኑ። በ1902 እቴጌ ጣይቱ ከሥልጣን ተገለሉ፤ በ1903 ራስ ተሰማ ሞቱ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1906 ሲያርፉም ሞታቸው ተደበቀ። አገር ሙሉ በሹክሹክታ ተዳደረ!

«ያ የዘውድ ዘመን ነው» ይባል ይሆናል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትስ? አንቀጽ 75 ጠቅላይ ሚኒስትሩ በማይኖርበት ጊዜ ምክትሉ ተክቶት ይሠራል ይላል። «አለመኖር» ምንድን ነው? ውጭ አገር መሄድ? ሆስፒታል መተኛት? ወይስ ሞት? ማን መርምሮ ማን ይወስናል? የዳነውስ በምን ሥርዓት ይመለሳል? አንቀጹ ዝም ይላል።

የዝምታውን ፍሬ በ2004 ክረምት አየነው። አቶ መለስ ዜናዊ በሐምሌ አዲስ አበባ ላይ ከተደረገው የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ቀሩ፤ እየተሻላቸው ነው ተባለ፤ ነሐሴ 14 አረፉ፤ ሕዝቡ በማግሥቱ ሰማ። ምክትላቸው አቶ ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ቃለ መሐላ የፈጸሙት መስከረም 11 ቀን 2005 ነው። በኅዳር 2014 ደግሞ ዶክተር ዐቢይ አሕመድ ወደ ጦር ግንባር ሲሄዱ የዕለት ሥራውን ምክትላቸው አቶ ደመቀ መኰንን እንደሚያከናውኑ ተነገረ። ጦር የሚያዝ ጠቅላይ ሚኒስትር «የለም» ይባላልን?

አሜሪካኖች ኬኔዲ ከተገደሉ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1967 ይህን በሕግ ጻፉት። ፕሬዚዳንቱ ሲታመም ራሱ በጽሑፍ ያስረክባል፤ ካልቻለም ምክትሉና አብዛኞቹ ሚኒስትሮች ያስታውቃሉ፤ «ደኅና ነኝ» ብሎ ከተከራከረ ጉዳዩ ለምክር ቤቶቹ ቀርቦ በ21 ቀን ውስጥ ይቆረጣል። አሜሪካንን እንቅዳ አንልም። በአገራችን እንኳ የጽዋ ማኅበር ሙሴው ሲታመም ማን እንደሚሰበስብ ያውቃል፤ ሙሴው የታመመ እንደ ሆነም አይደበቅም፤ አባላቱ ሄደው ይጠይቁታል።

የምንጠይቀው ይህን ነው፤ አንቀጽ 75 ይሟላ። አለመቻሉን ሐኪሞች ይመስክሩ፤ ምክር ቤቱ ዕረፍት ላይ ቢሆንም በተቈረጠ ቀን ይጠራ፤ ለሕዝብም በዚያው ዕለት ይነገር።

የራሳችን የተማሪዎች ማኅበር ደንብም ስለ ሊቀ መንበሩ ሕመም አንድ ቃል የለውም። በሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ የማሻሻያ ሐሳብ እናቀርባለን፤ የሚቃወመን ተነሥቶ ይከራከረን።