የብርሃን መለኪያው የማያውቀው ፊት

ነጭ ጋቢ የለበሰ የጃናሞራ ገበሬ በቀትር ፀሐይ በፊልም ካሜራ ሲነሣ፣ ጋቢው አመድማ፣ ፊቱ ደግሞ ጥቁር ጥላ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በካሜራው ርካሽነት ወይም በሰውየው መልክ ይመካኛል። በዚህ ጸሐፊ እምነት ግን ጥፋቱ የመሣሪያን ንባብ ያለ ምርመራ እንደ ፍርድ መቀበል ነው።

በፊልም ላይ የሚያርፈውን ብርሃን ሁለት ነገሮች ይወስኑታል፤ የሌንሱ ቀዳዳ ስፋትና ሹተር የሚባለው መዝጊያ ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ። የቀዳዳው ቁጥር የሚገኘው የሌንሱ የትኩረት ርቀት ለቀዳዳው ዲያሜትር ሲካፈል በመሆኑ፣ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ከኤፍ 16 ወደ ኤፍ 11 ሲኬድ ስፋቱ በእጥፍ ገደማ ያድጋል። ስለዚህ ኤፍ 16 በ1/125 ሰከንድ የሚያስገባውን ብርሃን ኤፍ 11 በ1/250 ሰከንድ ያስገባዋል። ፍጥነቱ 100 ለሆነ ፊልም በጠራ ፀሐይ የሚመከረውም ይኸው መጠን ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከመለኪያው ነው። በካሜራው ውስጥ ያለው የብርሃን መለኪያ የሚያየው ተንጸባርቆ የሚመጣውን ብርሃን ብቻ ነው፤ ጋቢን ከፊት አይለይም። የተሠራውም በፊቱ ያለው ሁሉ በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ነው፣ ይኸውም ካረፈበት ብርሃን 18 በመቶ ገደማ ይመልሳል በሚል ግምት ነው። ከዚህ አምስት እጥፍ የሚያንጸባርቅ ነጭ ልብስ ምስሉን ሲሞላው ብርሃኑ ወደ አንድ አምስተኛ እንዲቀነስ ያዛል። የጭላዳ ጠቆር ያለ ጠጉር ሲገጥመው ደግሞ በተቃራኒው ብርሃን ጨምሮ ጥቁረቱን ያደበዝዛል።

የስሜን ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። በ4,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 60 በመቶ ገደማ ነው። ስስ አየር ብርሃንን የሚበትነው በጥቂቱ ስለሆነ ጥላ ይበልጥ ይጠቁራል። ብርሃን ያልነካውን የፊልም ክፍል ደግሞ የትኛውም የማጠቢያ ኬሚካል አያስነሣውም።

ግምቱ የሰው ሥራ መሆኑን የኮዳክ ታሪክ ይመሰክራል። ኩባንያው ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለቀለም ማስተካከያ ወደ ማጠቢያ ቤቶች ይልከው የነበረው ካርድ የነጭ ሴት ምስል የያዘ ነበር። ልዩ ልዩ የቆዳ ቀለም ያላቸው ሰዎች በካርዱ የተካተቱት በ1990ዎቹ ነው። ለረጅም ዘመን “ትክክለኛ” የተባለው ቀለም የአንድ ወገን ፊት ነበር ማለት ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። በተነሺው ላይ ባረፈው ብርሃን ውስጥ መዳፍን ዘርግቶ መለካት፤ መዳፍ ከመካከለኛው ግራጫ በአንድ ደረጃ ገደማ ስለሚደምቅም ሌንሱን በአንድ ደረጃ መክፈት። ኔጋቲቭ ፊልም ከብርሃን ማነስ ይልቅ መብዛቱን ስለሚችል፣ ጋቢው ጥቂት ቢደምቅ ፊቱ ይተርፋል። ዛሬ የእጅ ስልኮች ፊትን ፈልገው ያሰላሉ፤ ስሌታቸው ግን አሁንም ሌላ ሰው የወሰነው ግምት ነው። የሳይንስ ተማሪ የመሣሪያን ንባብ ከመጻፉ በፊት መሣሪያው ምን ገምቶ እንደተናገረ ይጠይቅ።