ምክር ለጥፋተኛ ብቻ ነውን?

«ምከረው ምከረው፤ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይላል ያገራችን ሰው። ይህን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ከቁጣም ጋራ ከቅጣትም ጋራ ሰምተነዋል። ነገር ግን አስተውለን ብንመለከተው፥ ተረቱ መከራን የሚጠራው ሁለት ጊዜ «ምከረው» ካለ በኋላ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቃላት ዘለው ከመጨረሻው የጀመሩ ይመስላሉ። ተማሪው ሳይመከር ይመርጣል፤ ሳይመከር ይፈተናል፤ ሳይመከር ይወድቃል። ከወደቀ በኋላ ግን መንደሩ ሁሉ መካሪ ይሆንለታል።

ውድ አንባቢዎቻችን፥ ለዕረፍት ወደ ጋይንት፥ ወደ ስማዳ፥ ወደ እስቴ፥ ወደ እብናትና ወደ ፋርጣ በተመለስን ቁጥር ታናናሾቻችን ከበው የሚጠይቁንን ጥያቄ ታስታውሱት የለምን? «እናንተ ምን ሞላችሁ? እኛም እሱን እንሙላ» ይሉናል። «ሶሲዮሎጂ የሚባለው ምንድን ነው? ተምሮስ ምን ይሠራል?» ይሉናል። እኛም ዩኒቨርሲቲ ገብተናልና የምናውቅ መስለን እንመልሳለን። እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን እኛም የሞላነው አጠገባችን የተቀመጠው ጓደኛችን የሞላውን ነው። ከመካከላችን ስንቱ ነው «ጎበዝ ተማሪ ሶሻል አይገባም» ስለ ተባለ ብቻ የተፈጥሮ ሳይንስ ገብቶ ሁለት ዓመት ከማይወደው ትምህርት ጋራ ሲታገል የቆየ?

ከእኛ አንዱ በተማረበት ትምህርት ቤት «የምክር አገልግሎት» የሚል ጽሑፍ በበሩ ላይ የተለጠፈበት ክፍል ነበረ። ጓደኛችን በአራት ዓመት ውስጥ ወደዚያ ክፍል የገባው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እርሱም ከሰልፍ ዘግይቶ በተያዘ ጊዜ። በውስጡ የተሰበሩ ወንበሮችና ያረጁ መጻሕፍት ተከምረው አየ፤ «ወላጅ አምጣ» ተባለ፤ ወጣ። ወላጁ የአንድ ቀን መንገድ ርቆ የሚኖር መሆኑን፥ ልጁም በከተማ ቤት ተከራይቶ ስንቁን ከገጠር እየተሸከመ የሚማር መሆኑን የጠየቀው አልነበረም። ወሩ ኅዳር ነበርና አባትየው አጨዳውን ጥሎ መጣ። እንግዲህ በዚያ ትምህርት ቤት ምክር ማለት ይህ ነበረ፤ ያጠፋ የሚገባበት፥ ያላጠፋ የሚሸሸው ክፍል።

የእኛ አሳብ ግን ምክር ለጥፋተኛ ብቻ የሚሰጥ ሳይሆን፥ እንደ ሒሳብና እንደ ቋንቋ በትምህርት ሰዓት ድልድል ውስጥ ገብቶ ለተማሪ ሁሉ የሚደርስ መሆን አለበት የሚል ነው።

የትምህርት ሚኒስቴር በየዓመቱ ያወጣቸውን የ12ኛ ክፍል ውጤቶች እንመልከት። ከግማሽ በላይ ያገኙት በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ከመቶ 3.3፥ በ2015 ዓ.ም. 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. 5.4፥ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ናቸው። በ2015 ዓ.ም. አንድ ተማሪ እንኳ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ። የዚህ ሁሉ ምክንያት የምክር እጦት ነው አንልም። የመጽሐፍ እጥረት አለ፤ የመምህራን ችግር አለ፤ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ጋይንትን አልፎ እስከ ደብረ ታቦር ዳርቻ መድረሱን፥ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህም በክልላችን የተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ማዘጋቱን የማያውቅ የለም። እኛ የምንጠይቀው ሌላ ነገር ነው፤ ያልፉት ጥቂቶቹስ ዩኒቨርሲቲ ይቀበላቸዋል፤ ከመቶ ዘጠና የሚበልጡትን ማን ምን አላቸው? ወደ ሪሜዲያል የሚገባው ማን ነው? ቴክኒክና ሙያ የሚያዋጣው ለማን ነው? ወደ መተማ ለሰሊጥ ሥራ የሚወርደው ልጅ ሌላ መንገድ እንዳለው የነገረው ሰው ነበረን? ትምህርት ቤቱ ስለ ዩኒቨርሲቲ ብቻ የሚናገር ከሆነ፥ የሚናገረው ለጥቂቶች ነው ማለት ነው።

ይህ አሳብ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ የሚመስለው ሰው ቢኖር በአካባቢያችን ያሉትን የአብነት ትምህርት ቤቶች እንዲያስብ እንለምነዋለን። የኔታ ተማሪውን በጅምላ አያውቀውም። እያንዳንዱን ከፊቱ አስቀምጦ ሲያስቀጽል ድምፁን ይሰማል፤ ልቡን ይመረምራል። ይኸኛው ለዜማ፥ ያኛው ለቅኔ እንደሚሆን ያያል። ተማሪውም ድጓን ለማስመስከር ወደ ቤተ ልሔም፥ ለዝማሬና መዋሥዕት ወደ ዙር አምባ፥ ለአቋቋም ወደዚህችው ወደ ደብረ ታቦር ሲጓዝ፥ ለምን እንደሚሄድና ከማን ዘንድ እንደሚሄድ ያውቃል። ቁራሽ እየለመነ የሚማረው ልጅ ያገኘውን ያህል የሚያውቀው መካሪ፥ ስልሳ ሰባ ሆነን በአንድ ክፍል የታጨቅነው እኛ አላገኘንም።

በውጭው ዓለምም ቢሆን ነገሩ በአንድ ቀን አልተገኘም። በ1908 እ.ኤ.አ. ፍራንክ ፓርሰንስ የተባለ አሜሪካዊ በቦስተን ከተማ ወጣቶች ሥራ ሲመርጡ የሚረዳ ቢሮ አቋቋመ። በዚያው ዓመት ቢሞትም አሳቡ ወደ ትምህርት ቤቶች ገባ። ዳሩ ግን መካሪው ብዙ ጊዜ ችግር የደረሰበትን ተማሪ ብቻ እየጠበቀ የሚቀመጥ ሰው ሆነ። ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚዙሪው ኖርማን ጊስበርስና ባልደረቦቹ «ምክር የአንድ ክፍል ወይም የአንድ ሰው ሥራ ሳይሆን ለተማሪ ሁሉ የሚደርስ ፕሮግራም ይሁን» የሚለውን አሳብ አስፋፉ። የአሜሪካ የትምህርት ቤት መካሪዎች ማኅበር ለ250 ተማሪዎች አንድ መካሪ እንዲኖር ይመክራል። እኛ ይህ ቁጥር ዛሬውኑ ይሟላ አንልም። መነሻው ግን ለእኛም ይጠቅማል።

ለመሆኑ ይህ ፕሮግራም በእኛ አገር ምን ይመስላል? በ9ኛ ክፍል፥ ከገጠር ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ከተማ የመጣው ልጅ ቤት ኪራዩን፥ ስንቁንና የጥናት ሰዓቱን እንዴት አብቃቅቶ እንደሚይዝ፥ ሲታመም ወይም ሲቸገር ለማን እንደሚናገር ይወቅ። በ10ኛ ክፍል፥ ተፈጥሮና ማኅበራዊ ሳይንስ ከመለየታቸው በፊት ችሎታውንና ዝንባሌውን ይመርምር። በ11ኛ ክፍል ነርሷን፥ መካኒኩን፥ የእርሻ ባለሙያውን፥ ነጋዴውን ክፍል ድረስ ጋብዞ ስለ ሥራቸው ይጠይቅ። በ12ኛ ክፍል ምርጫውን አውቆ ይሙላ፤ ባያልፍም ሁለተኛ መንገድ አስቀድሞ ይኑረው።

ስለ እኅቶቻችን ለብቻው መናገር ይገባል። የቤተሰብ ሕጋችን በ1992 ዓ.ም. ሲሻሻል የጋብቻን ዕድሜ ለሴትም ለወንድም 18 ዓመት አድርጎታል። ሕጉ መልካም ነው። ነገር ግን ጥር በመጣ ቁጥር በክፍላችን ባዶ የሚሆኑትን ወንበሮች አይተናል። ልጅቱ ሠርጓ መደገሱን ከሰማችበት ቀን ጀምሮ እስከ ሠርጉ ድረስ የምትናገርለት፥ ምሥጢሯን የሚጠብቅ፥ ከአባቷም ጋራ በአክብሮት ተቀምጦ የሚነጋገር አንድ ትልቅ ሰው በትምህርት ቤቱ ውስጥ ብታገኝ፥ በወረቀት ላይ ያለው ሕግ እግር ያወጣ ነበር። ያጠፋ ብቻ በሚገባበት ክፍል ግን እንዴት ብላ ትገባለች? የገባች እንደ ሆነ ሁሉም «ምን አጥፍታ ነው?» ይላታል። ምክር ለሁሉ ይሁን የምንልበት ትልቁ ምክንያት ይኸው ነው፤ ሁሉ በሚገባበት በር የተቸገረውም ሳያፍር ይገባል።

«ገንዘብ ከየት ይመጣል?» የሚሉ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ለመጀመር ግን የሚያስፈልገው በር ያለው አንድ ክፍል፥ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ፥ የማስተማር ጭነቱ የተቀነሰለት አንድ የሠለጠነ ሰው ነው። ከዩኒቨርሲቲዎቻችን በሥነ ልቡና ተመርቀው ሥራ የሚፈልጉ ወጣቶች አሉ። «ወላጅና ሽማግሌ ይበቃል» የሚሉም አሉ። አባቶቻችን ስለ ጠባይና ስለ ሰውነት የሚመክሩት ምክር በማናቸውም ሠልጣኝ አይተካም። ነገር ግን ጥቁር ሰሌዳ አይቶ የማያውቅ አባት በፊዚክስና በጂኦግራፊ መካከል ምረጥልኝ ቢባል ይህ እርሱን ማስጨነቅ ነው። ደግሞም «ምክር እንጀራ አይሆንም፤ ሥራ በሌለበት ምን ይመከራል?» ይሉናል። እውነት ነው፤ ምክር ሥራ አይፈጥርም። ነገር ግን ሥራ የጠበበ ሲሆን በጭፍን መምረጥ ይበልጥ ያስከፍላል።

እስካሁን ሌላውን ነቅፈናል፤ አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። በ1957 ዓ.ም. በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ታላላቆቻችን ትምህርታቸውን ለአንድ ዓመት አቋርጠው በየጠቅላይ ግዛቱ አብዛኞቹ በመምህርነት አገልግለዋል። እኛ አንድ ዓመት አልተጠየቅንም። በዕረፍት ጊዜ፥ መንገዱ ሰላም በሆነበት ሁሉ፥ እያንዳንዳችን ወደ ተማርንበት ትምህርት ቤት አንድ ቀን ብንመለስስ? የምንሄደው ግን ለመታየትና ለመጨብጨብ አይሁን። የተሳሳትነውንም እንናገር፤ ትምህርት ክፍላችን ምን እንደሚያስተምር፥ ከእኛ በፊት የተመረቁት ምን እንደሚሠሩ፥ ሥራ ያጡትም እንዳሉ ሳንደብቅ እንንገራቸው። በጦርነቱ ወላጁን ወይም ወንድሙን ያጣ ልጅ ብናገኝ፥ ሐዘኑን በአንድ ቀን ንግግር የምናድን አይምሰለን፤ ሰምተን፥ ምሥጢሩን ጠብቀን፥ ወደ ባለሙያ የሚደርስበትን መንገድ እንፈልግለት።

ስለዚህ ማኅበራችን በሚቀጥለው ስብሰባው ሁለት ነገር እንዲወስን እንጠይቃለን። አንደኛ፥ እያንዳንዱ ትምህርት ክፍል ስለ ራሱ አንድ ገጽ ጽፎ፥ ገጾቹ በዚሁ ማባዣ መኪና ተባዝተው ለዞኑ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንዲላኩ፤ ሁለተኛ፥ ወደ ትምህርት ቤቱ ለመመለስ የሚፈቅድ ሁሉ ስሙን የሚያስመዘግብበት መዝገብ እንዲከፈት። ይህ የሠለጠነውን መካሪ አይተካም፤ ሊተካም አይገባም። ነገር ግን «እናንተ የሞላችሁትን እንሙላ» ለሚሉን ታናናሾቻችን ከዚህ የተሻለ መልስ ይዘን እንመለሳለን።