ለካዝናው ዋስ፣ ለልጁስ?

በሰበታ፣ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ ገንዘብ ተቀባይ ወይም የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ሆኖ ለመቀጠር ዋስ ማቅረብ የተለመደ ነው። እዚያው ከተማ ሕፃናት ለማዋል፣ ከአዳሪ ልጆች ጋር ለማደር ወይም የደከመ አረጋዊ ገላ ለማጠብ የሚቀጠረው ግን ብዙ ጊዜ መታወቂያ ካሳየ ይበቃዋል። ሞግዚት ከሆነች ደግሞ ደላላው «አውቃታለሁ» ይላል፤ ነገሩ አለቀ። ዋስ የሚፈርመው ለሚጎድል ብር ነው፤ ለሚጎዳ ልጅ የሚፈርም የለም።

ጠንቃቃው ቀጣሪ ከፖሊስ «ከወንጀል ነፃ» የሚል ማስረጃ ያስመጣል። ደግ አደረገ፤ እዚያ ላይ ካቆመ ግን ተሳስቷል። ወረቀቱ የሚናገረው መዝገብ የያዘውን ብቻ ነው። ሕፃን የደፈረ ሰው ጉዳይ በሽማግሌ ከታረቀ፣ ካሳ ተከፍሎ «ስማችን አይጥፋ» ከተባለ፣ አሻራው ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። አሠሪውም በዝምታ አሰናብቶት «በፈቃዱ ለቋል» የሚል የሥራ ልምድ ይጽፍለታል። ሰውየው ያንን ይዞ ከቡራዩ ሱሉልታ ይሻገርና ልምድ ያለው ተብሎ ይመረጣል።

በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 627 ከ13 ዓመት በታች ያለን ሕፃን የደፈረ ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። ይህን በእርቅ የመዝጋት ሥልጣን ለየትኛውም ሽማግሌ አልተሰጠም።

ማዕረግም ዋስ አይሆንም። ወሎ፣ ጃሪ ላይ የስዊዘርላንዱ የእርዳታ ድርጅት ቴር ዴ ዞም ወላጅ አልባ ልጆች የሚያሳድግበት መንደር ነበረው። ልጆቹን በመድፈር እ.ኤ.አ. በ2003 የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት 9 ዓመት የፈረደበት የመንደሩ የቀድሞ ኃላፊ ራሱ ነው።

«እንዲህ ካጠበቅን ሠራተኛ ከየት ይገኛል? ድኻውን ከእንጀራው ማፈናቀል ነው» የሚሉ አሉ። ለቀድሞ አሠሪ ስልክ ደውሎ «ለምን ለቀቀ? ልጅዎን ዳግም ያምኑታል?» ብሎ መጠየቅ ማንንም አያስርብም። የሥራ ልምድ ወረቀት የስንብቱን እውነተኛ ምክንያት ይያዝ። ከቅጥር በኋላም ቁጥጥሩ ይቀጥል፤ አንድ ሠራተኛ ከአንድ ልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል ብቻውን አይዋል። ሦስቱ ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ስለሆኑ፣ በዚህ ጥፋት የተባረረን ሰው፣ መልስ የመስጠት መብቱን ጠብቆ፣ በአንድ መዝገብ ማስፈር ይቻላል።

ሰበታ የመርሐ ዕውራን አዳሪ ትምህርት ቤት ያለባት ከተማ ናት። የሚንከባከበውን ሰው መልክ አይቶ መለየት የማይችል ልጅ ማጣራቱን በራሱ ሊያደርገው አይችልም። ግዴታው የቀጣሪው ነው፤ ሳያጣራ የቀጠረም ከተጠያቂነት ማምለጥ የለበትም።